የካርዴ ጣሪያና ያንተ ደመወዝ

ዲቪኖፖሊስ፣ ኦገስት 14 ቀን 2023

ለውድ ባለቤቴ ለአደማር፣

እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ማለቴ ነው። ይህ ደብዳቤ ማራባ ድረስ፣ ያውም አንተ ባልነገርከኝ አድራሻ እንዴት እንደደረሰህ ሳትገረም አትቀርም። ተገረም። አድራሻውን ከማን እንዳገኘሁት በቦታው እነግርሃለሁ፤ ብቻ መጨረሻውን ቀድመህ እንዳታነብ። ጋዜጣን ከጀርባው ጀምረህ እንደምታነብ አውቅሃለሁ።

በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ነገር ግን የምልክልህን የድምፅ መልእክት አፍጥነህ እንደምትሰማው ደርሼበታለሁ። ያን ሁሉ ለፍልፌ ልኬልህ ገና ስልኩን ሳላስቀምጥ «እሺ የኔ ፍቅር» ብለህ የመለስክልኝ ጊዜ ነው የነቃሁት። ደብዳቤ ግን አይፈጥንም። ቁጭ ብለህ በመስመር በመስመሩ ታነበዋለህ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የጃቡቲካባው ዛፍ ግንዱ ድረስ አብቧል፤ ዘንድሮ ፍሬውን የሚለቅመው ሰው ከተገኘ ብዙ ይሰጣል። ውሻው ፒንጎ አሁንም የከባድ መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደ በሩ ይሮጣል፤ ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና ሲሆንበት ተመልሶ ይተኛል። እህትህ ኔውዛ ደግሞ ለእመቤታችን የሬይናዶ በዓል ከበሮ መቺዎቹን ላብላ ብላ ድስቶቼን ሁሉ ወስዳለች። እንደሄዱ ይመለሱ እንደሆነ እናያለን። ባለፈው ዓመት ትልቁ ድስት ክዳኑ ተቀይሮ ነው የመጣልኝ። እሷ አልተቀየረም ትላለች። እኔ ክዳኔን አውቃለሁ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ባጭሩ፣ ሌላ ሴት ይዞብኛል ብዬ ስጠረጥርህ ነው የከረምኩት። ፊት ለፊት ስለማትነግረኝ እኔው ፊት ለፊት ልንገርህ። የሚናስ ሴት የራሷንም ጥላ ትጠረጥራለች ብለህ ትስቅብኛለህ፤ አንተም እኮ እዚሁ ነው የተወለድከው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

ነገሩ የጀመረው በጁኑ የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ሰሞን በላክልኝ ፎቶ ነው። ካሚዮኑ ደረጃ ላይ ተቀምጠህ ትስቃለህ። ሰው ቢያየው ደስ የሚል ፎቶ ነው። እኔ ግን አጉልቼ አየሁት። መስተዋቱ ላይ በገዛ እጄ ያሰርኩልህ የመንገደኞች ጠባቂው የቅዱስ ክሪስቶፎሮስ ሜዳሊያ የለም። ተበጥሶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ ክንድህን አየሁ። አንተ ዕድሜህን ሙሉ ግራ ክንድህ በመስኮት ወጥቶ ፀሐይ ሲያከስለው ቀኝህ ነጣ ብሎ የኖረ ሾፌር ነህ። ስንጋባ እንኳ ቄሱ አይተው ስቀውብሃል። በፎቶው ላይ ግን ሁለቱም ክንዶችህ እኩል ጠቁረዋል። የሚነዳ ሰው እንደዚያ አይጠቁርም። ይሄ ሰው የማራባው ወንዝ ዳር አሸዋው ላይ ሸሚዙን አውልቆ ይውላል ማለት ነው፣ ብቻውን ደግሞ አይውልም ብዬ አሰብኩ።

ለኔውዛ ባሳያት ሳቀችብኝ። «አንቺ ደግሞ የወንድሜን ክንድ በሜትር ትለኪያለሽ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ተይው» አለችኝ። ዘንዶ ካለማ ይውጣ ብዬ በሆዴ ያዝኩት። እሷ እህትህ ናት፤ ብታውቅም አትነግረኝም።

እንግዲህ የካርዱ ነገር የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። እንደምታውቀው ፋብሪካው ቤቴ የሚልክልኝ ጂንስ በዝቷል፤ አሮጌው ኦቨርሎክ የስፌት መኪናዬ ግን ክር እየበጠሰ ከሥራው ይልቅ ስድቡ በዛብኝ። አዲሱን በካርድ ገዝቼ በየወሩ ቀስ እያልኩ ልክፈል አልኩ። የካርዴ ጣሪያ፣ ባንኩ የፈቀደልኝ የብድር ልክ፣ ግን አይደርስም። ያችን ጣሪያዬን ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃታል፤ እዚህ ሰፈር ጣሪያ ያለው ሰው የጉድጓድ ውሃ ማለት ነው፣ ሁሉም ባልዲውን ይዞ ይመጣል። ኔውዛ ማቀዝቀዣዋን የገዛችው በኔ ስም ነው። ስሜ ንጹህ ስለሆነ ነው የሚፈልጉኝ። እኔም አበድሬ እንቅልፍ አጥቼ አድራለሁ፣ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ስሜ አልቆሸሸም።

ባንክ ሄድኩ። የተቀበለኝ ታርሲዚዮ የሚባል ልጅ ነው፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ አሁን ክራባት ያስራል። ጣሪያው እንዲያድግ ከፈለጉ ገቢዎን ያሳድሱ፣ ያለዎትን በሙሉ ይንገሩኝ አለኝ። የስፌቱን ነገርኩት። በቂ አልሆነም። ባለቤቴ ከማራባ በየወሩ ይልክልኛል፣ እሱስ ይቆጠራል ወይ አልኩት።

«እጅዎ ላይ ከገባና የሚተማመኑበት ከሆነ ይቆጠራል እትዬ ዙልሚራ» አለኝ። ጣቱን ኮምፒዩተሩ ላይ አንጠልጥሎ «ይተማመኑበታል?» ሲል ጠየቀኝ።

አደማር፣ እኔ ሥጋ ቤት ስሄድ ሚዛኑን የምጠረጥር ሴት ነኝ። የታክሲ መልስ ሁለቴ እቆጥራለሁ። የዚያን ዕለት ደግሞ ያ ፎቶ በሆዴ ነበር። ቢሆንም አፌ «እተማመንበታለሁ» አለ። ልጁም ያንተን ደመወዝ ከኔ ስፌት ጋር ደመረው። ጣሪያዬ አደገ። ከባንኩ ስወጣ በሰው ፊት እንዳልስቅ ከንፈሬን ነክሼ ነበር።

ማክሰኞ ማታ ደውዬ ነገርኩህ። «የኔ ሴት፣ ባንኩን አንበረከክሽው» አልከኝ። ደስ አለኝ። ዓርብ ራስህ ደወልክና አሰሪህ ደመወዝ እንደጨመረልህ አበሰርከኝ። እውነትም ያን ወር የላክኸው ከፍ ያለ ነበር። እኔም ሞኟ ለኔውዛ ሮጬ ነገርኳት፤ እግዚአብሔር ሲሰጥ በሁለት እጁ ነው አልኳት። ጥርጣሬዬንም ለጥቂት ቀን አስተኛሁት።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ለኦቨርሎኩ ቀብድ የሚሆን አጠራቅሜ፣ ኔውዛን አስከትዬ ሱቅ ሄድኩ። መኪናውን መረጥኩ፣ ክር አስገብቼ ሞከርኩት፣ ቅናሽ ተከራከርኩ። ሻጩ የቀረውን ሂሳብ ሊወስድ ካርዴን ማሽኑ ውስጥ ሲከተው ማሽኑ አልቀበልም አለ። ደገመው። አሁንም እምቢ አለ። ጣሪያው ሞልቷል እትዬ አለኝ ዝግ ባለ ድምፅ፤ ዝግ ቢልም ሦስት የማውቃቸው ሰፊዎች ቆመው ሰምተዋል። ሰርቄ የተያዝኩ ይመስል ፊቴ ጋለ። አሁን አድጎ አሁን እንዴት ይሞላል? እኔ ከዱቄትና ከዚፕ ሌላ የገዛሁት የለም።

ቤት ገብቼ የካርዱን ሂሳብ አየሁ። ኪስህ ያለው ተጨማሪ ካርድ ያንተ ቢሆንም ስሙ የኔ፣ ጣሪያው የኔ፣ ዕዳውም የኔ ነው። ናፍጣና ጎማ እገዛበታለሁ፣ ባለካሚዮኑ ከደመወዜ ጋር ይመልስልኛል ብለኸኝ ነበር። እኔም ሚዛን የምጠረጥረው ሴት፣ ዝርዝሩን ሳላይ ከምትልከው ላይ የካርዱን እየከፈልኩ ቀሪውን ለቤት አደርግ ነበር። ነገር ግን ናፍጣም ጎማም አላየሁም። በየወሩ አንድ ስም፤ ሊንዳልቫ፣ ማራባ። ገንዘቡ ለኔ ከመድረሱ አንድ ቀን አስቀድሞ ሊንዳልቫ። ጣሪያዬ ያደገ ሳምንት ሊንዳልቫም አድጋለች።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር ገጣጥሞ የታየኝ። ማክሰኞ ለኔ ጣሪያ፣ ዓርብ ላንተ ደመወዝ። ማራባ ያለው አሰሪህ የኔን የባንክ ደብዳቤ ያነባል እንዴ አልኩ። ባሌ በኔ ስም ሴት ያለብሳል፣ ከተረፈው ደግሞ ለኔ ጣል ያደርግልኛል ብዬ ደመደምኩ። ኔውዛ እንኳ የዚያን ቀን ዘንዶ አልጠራችም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና «እኔ እህቱ ነኝ፣ ግን እንደዚህ ከሆነ እኔው ራሴ እገድለዋለሁ» አለችኝ። ክዳኔን ይቅር ያልኳት ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ስም ያለውን ሱቅ ስልክ ፈልጌ አገኘሁ። ሱቁ ገመድ፣ መረብና የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ ይሸጣል። ገዢ መስዬ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች፤ ድምፅዋ ወፍራም ነው። የሚንጠለጠለው አልጋ ስንት ነው ብዬ ጠየቅሁ። ነገረችኝ። ጨርቁ ጥሩ ነው ወይ አልኩ። ጥሩ ነው አለችኝ። ከዚያ ሳቀች።

«አንቺ ከሚናስ ነሽ፤ አነጋገርሽ ያስታውቃል» አለችኝ። «የሚናስ ሰው ደግሞ ዋጋ ሲነገረው መጀመሪያ ይከራከራል። አልጋ አልፈለግሽም። የአደማር ሚስት ነሽ አይደል? እስከ ዛሬ አለመደወልሽ ነው የገረመኝ።»

ባሌ እርስዎ ዘንድ ምን ያደርጋል አልኳት። በአክብሮት ነው ያናገርኳት፤ ስድቡን ለኋላ አስቀምጬው ነበር።

«ይኸውልሽ እህቴ» አለች። «ባልሽ ከፋሲካ ወዲህ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ባለቤትዬው ካሚዮኖቹን ሸጦ ሾፌሮቹን በተናቸው። አሁን ወደብ ላይ የዓሣ ሣጥን ያወርዳል፣ ሥራ ሲኖር። ዕቃ ቤቴ ውስጥ ነው የሚተኛው፣ ዋጋውን ከጠየቅሽው አልጋ በአንዱ ላይ።»

ካርዱስ አልኳት።

«ካርዱን በኔ ማሽን ያሳልፋል፣ እኔ ጥሬውን እሰጠዋለሁ፣ እሱ ካወረደበት ጋር ደምሮ ደመወዝ ነው ብሎ ላንቺ ይልካል። እኔም ቆርጬ አስቀራለሁ፣ አልዋሽሽም፣ ማሽኑ በነጻ አይሠራም። ስንቴ ነገርኩት። አንተ ሰው፣ ከሚስትህ እንስራ ቀድተህ ለሚስትህ ታጠጣለህ፣ በየመንገዱ ደግሞ ይፈሳል አልኩት።»

«ምን አለዎት?»

«ወር ጠብቆ የማይልክ ባል ምኑን ባል ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔ ምን ልበል?»

ከዚያ ዕድሜዋን ጠየቅኋት። ሰባ ልደፍን ነው አለችና ከት ብላ ሳቀች። አድራሻውንም ያለማቅማማት ሰጠችኝ። አደማር፣ ድምፅዋ ግን ሰባ አይሆንም። ይህን አስፍሬዋለሁ። ደግሞ ሜዳሊያህ አልጋህ ገመድ ላይ ታስሮ እንደሚያድር ነገረችኝ፤ ሌሊት ምን ላይ እንደሚያድር እሷ በምን አወቀች? ጠዋት ዕቃ ቤቱን ስትከፍት አይታው ይሆናል። ይሆናል ነው የምልህ። ለካ በፎቶው ላይ የተቀመጥክበት ካሚዮን የሰው ኖሯል።

ስልኩን ዘግቼ ሳቅሁ። ቀጥሎ አለቀስኩ። ቀጥሎ ተናደድኩ፣ እሱ እስካሁን አልለቀቀኝም። በገንዘቡ አልተናደድኩም ብልህ ውሸቴን ነው፣ በገንዘቡም ተናድጃለሁ። እስቲ አስበው፤ ከገዛ ካርዴ የወጣውን ብድር ባንክ ሄጄ ገቢዬ ነው ብዬ አስመዘገብኩ። በዚያ ገቢ ጣሪያው አደገ፣ ጣሪያው ሲያድግ ደመወዝህ አደገ። ሁለታችን ተጋግዘን ማንም ያልሰጠንን ሀብት ስናከብር ከረምን። ስሜ ሊቆሽሽ አንድ ክንድ ቀርቶት ነበር። ግን ከሁሉ ያንገበገበኝ ሌላ ነው። አንተ ሣጥን ተሸክመህ ትከሻህ ሲላጥ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ በአሸዋው ፀሐይ እቀና ነበር።

ማራባ ሁሉ አውቆ እኔ ብቻ አላውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሥራ ፈታሁ ማለት አቅቶህ ነው? ለማን? ለኔ? አባቴ የብረት ፋብሪካው ሲዘጋ ሁለት ዓመት ቤት ሲውል ሁሉም ሰው ያየው ነበር፤ እናቴ ከቤት አላስወጣችውም። እርግጥ በየቀኑ ትነግረው ነበር። እኔም እነግርህ ይሆናል፣ አልዋሽህም።

ያደረግሁትን ልንገርህ። ለኦቨርሎኩ ያጠራቀምኩትን አወጣሁና ካርዱ ላይ የተከመረውን ዘጋሁ። ኔውዛ የጎደለውን ሞላችልኝ፤ ከየት እንዳመጣችው አልነገረችኝም፣ እኔም እያጣራሁ ነው። አሮጌው መኪና እስከ ገና ክር ይበጥስ። ከዚያ ታርሲዚዮ ዘንድ ተመልሼ ገቢዬን ቀንስልኝ አልኩት። ልጁ ከኋላዬ የቆመ ሰው ያለ መስሎት አንገቱን አስግጎ አየ፣ የሚያስገድደኝ ሰው ፍለጋ።

«እትዬ፣ ሰው እዚህ የሚመጣው ሊያስጨምር ነው» አለኝ።

«እኔ ደግሞ የሌለኝን ልመልስ ነው የመጣሁት» አልኩት።

የስፌቴን ብቻ አስጻፍኩ። ያንተን መስመር ሲሰርዘው አንገቱን ደፍቶ፣ ተለያያችሁ እንዴ እትዬ ሲል በቀስታ ጠየቀኝ። የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው፤ የነገርኩት ሁሉ በማግስቱ ከዳቦው ጋር ሰፈሩን ይዞራል። መልሴን አስቤበት ነው የመለስኩት።

«አልተለያየንም። መንገድ ላይ ነው፣ ወደ ቤት እየመጣ ነው» አልኩት።

ስለዚህ እንዳታስዋሸኝ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፣ የኔ ደግሞ ገና ንጹህ ነው።

የዕለት ሥራ እየጠበቅህ እዚያ አትቅር። እዚህ የጡብ ፋብሪካው ሾፌር ይፈልጋል፤ ጠይቄያለሁ፣ ሥራ አስኪያጁ ግን ዓይኑ ስላላማረኝ ደመወዙን በጽሑፍ እንዲሰጥህ ራሴ አብሬህ እሄዳለሁ። ሥራው እስኪገኝም ቢሆን የጃቡቲካባው ፍሬ ለቃሚ ይፈልጋል። በቆሎ ገንፎውና ዶሮው በባሚያ እኔ ላይ ነው። ውሻውም የቆሻሻ መኪና መቀበል ሰልችቶታል።

ኪስህ ያለውን ካርድ አልዘጋሁትም። ልዘጋው ነበር፣ ታርሲዚዮም ይዝጉት ብሎኝ ነበር። ጣሪያውን ግን ዝቅ አስደረግሁት። አውቶቡስ ጣቢያ ደውዬ ከማራባ እስከ ቤሎ ኦሪዞንቴ፣ ከዚያም እስከዚህ ያለውን ትኬት ጠየቅሁ፤ መንገድ ላይ ለምትበላውም ትንሽ ጨመርኩ። በሊንዳልቫ ማሽን እንዳታሳልፈው፣ እሷ ቆርጣ ስታስቀር ትኬቱ ይጎድልብሃል። በአውቶቡስ ኩባንያው ስም ሲወጣ ስልኬ ላይ አየዋለሁ፣ በሌላ ስም ቢወጣም አየዋለሁ።

የሰማይ እናት ከሸክምም ከመንገድም ትጠብቅህ፤ ክሪስቶፎሮስም ከዚያ ገመድ ወርዶ አብሮህ ይምጣ። ጉልበትህን ያበርታልህ፣ ትከሻህን ያድንልህ፣ ለኔም ልብ ይስጠኝ።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ካርዱ ላይ የተውኩት የአንድ ሰው ነው። ለሁለት ሰው ትኬት እንደማይበቃ አስልቼ አረጋግጫለሁ።

የምትጠብቅህ ሚስትህ፣
ዙልሚራ